የሸህ ያሕያ ጨርቅ

ራቢዓ ከፈን አጣቢ ናት። መካ፣ ዑተይቢያ፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ሥራው ለጆሮ ያስፈራል እንጂ ንጹሕ ሥራ ነው። የወሎ ሰው፣ በተለይ ዕድሜው ከገፋ፣ የሚቀበርበት ጨርቅ በተባረከው የዘምዘም ውሃ ታጥቦ እንዲመጣለት ይመኛል። መካ ዘመድ ያለው ዘመዱን ያስቸግራል፤ የሌለው ራቢዓን ያስቸግራል። እሷም ሚስፈላ ገበያ ወርዳ ነጭ ጥጥ ትገዛለች። መጀመሪያ በቧንቧ ውሃ የፋብሪካ ሙጫውን ታስለቅቃለች፤ ከዚያ ከታላቁ መስጊድ፣ ከሐረም፣ ባመጣችው ዘምዘም ትዘፈዝፈዋለች። አይጨመቅም። ፀሐይ አያየውም። መርፌ አይነካውም፤ ከፈን አይሰፋምና። ጣራው ላይ፣ ከውሃ ታንከሩ ጥላ ሥር ይደርቃል፤ ይታጠፋል፤ ከራሱ ከጨርቁ በተቀደደ ቅዳጅ ይታሰራል። በካርቶን ቁራጭ ላይ የባለቤቱ ስም ተጽፎ ይንጠለጠልበትና ሀገር ቤት የሚገባ ሰው ሻንጣ ውስጥ ይገባል። በስምንት ዓመት ውስጥ ስንቱን አልብሳ እንደሸኘች እሷም አታውቀውም። አንድም ቀን ስም ከስም ተምታቶባት አያውቅም ነበር። እንግዲህ ሰው ነው፣ አንድ ቀን ይሳሳታል። ግን መሳሳትም መሳሳት አለው።

ባሏ ተማም የመካ ልጅ ነው። አያቱ ለሐጅ መጥተው በዚያው የቀሩ ሰው ናቸው፤ እሱ ወሎን በስም እንጂ በዓይኑ አያውቃትም። አማርኛው ግማሹ ዐረብኛ ነው። ሥራው ኤሲ መጠገን ነው። የተገናኙትም ጂዳ፣ ሩዋይስ፣ እሷ በሰው ቤት ስትሠራ የማዳሟን ኤሲ ሊጠግን መጥቶ ነው። ጠገነው፤ በሳምንቱ ተበላሸ። ጠገነው፤ ተበላሸ። በሦስተኛው ማዳሟ፣ «ይሄ ሰውዬ የሚመጣው ለኤሲው ነው ወይስ ላንቺ?» አለቻት። እውነቷን ነበር። ተማም በሄደ ቁጥር አንዲት ብሎን ሆን ብሎ አላልቶ ነበር የሚሄደው። ራቢዓ ይህንን ያወቀችው ከኒካሕ በኋላ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ ሌባ እያለች ትጠራዋለች።

ሃያ ዓመት የሰው ቤት ሲያቀዘቅዝ የኖረ ሰው፣ ዓምና አንገቱ ሥር እብጠት ወጣና ብርድ ብርድ ይለው ጀመር። ምርመራው የሊምፍ ካንሰር አለ። ስድስት ዙር ኬሞ ታዘዘለት፤ በየሃያ አንድ ቀኑ አንድ። ሆስፒታሉ ጂዳ ነው። አሮጌዋን ፒክአፕ የምትነዳው ራቢዓ ናት፤ መንጃ ፈቃድ ያወጣችው ለዚሁ ስትል ነው። ተማም ጎኗ ተቀምጦ እግሩን ባዶ ወለል ላይ እየረገጠ ፍሬን ይይዛል። «በካንሰር የማልሞት ከሆነ ባንቺ ነው የምሞተው» ይላታል። እሷ ደግሞ፣ «አንተን የሚገድል አልተፈጠረም፤ ዝም ብለህ ቀበቶህን እሰር» ትለዋለች።

ሁለቱ ዙሮች እንደ ምንም አለፉ። ጸጉሩ ረገፈ፤ ቅንድቡ ተከተለ። አፉ ውስጥ ቆሰለ። የሚበላው ሁሉ ብረት ብረት አለው፤ ራቢዓ የቤቱን ማንኪያ በሙሉ ሰብስባ የእንጨት ገዛች። ሽንኩርት ማቁላላት ተወች፤ ሽታው ያስመልሰዋልና። ለሦስተኛው ዙር ሲሄዱ ነርሷ ደሙን ቀድታ ሄደች፤ ተመልሳ መጣችና ራሷን ነቀነቀች። ነጭ የደም ሴሉ ወርዷል። በዚህ ደም መድኃኒቱ ቢሰጠው የሚገድለው ካንሰሩን ሳይሆን እሱን ነው። ሂዱ፣ በሳምንት ተመለሱ። በሳምንት ተመለሱ፤ ወርዷል። እንደገና ተመለሱ፤ ይባስ ብሎ ወርዷል። የቆመው መድኃኒት ነው እንጂ እብጠቱ አልቆመም። ሐኪሟ ዶክተር ዳሊያ አልደበቀቻቸውም፤ ዙሩ እየራቀ ከሄደ ያሁኑ ድካም ሁሉ ከንቱ እንደሚሆን ቁርጡን ነገረቻቸው።

«ወላሂ ራቢ» አለ ተማም መኪናው ውስጥ። «መርዝ ስጡኝ ብሎ ሰው ደጅ የሚጠና ከኔ ሌላ አይተሻል? ኸላስ። ይበቃኛል።»

«ሲበቃህ እኔ እነግርሃለሁ።»

«የኔን ገላ አንቺ ነሽ የምታውቂው?»

«አንተማ መች አውቀኸው» አለችውና መኪናውን አስነሳች። ፊቷን ወደ መስኮቱ ያዞረችው መንገድ ለማየት አልነበረም።

ሐረም ሄዳ ዘምዘም ስትቀዳ ከየሶላቱ በኋላ በድምፅ ማጉያው ጥሪ ይሰማል፤ ለሞተ ሰው ስገዱ፣ ወንድ ነው፣ ሴት ናት፣ ሕፃን ነው። ስምንት ዓመት ሰምታዋለች፤ ከማታውቀው ሰው ጀናዛ ጋር ቆማ ሰግዳ ወደ ጉዳይዋ ትሄድ ነበር። አሁን አሁን ግን «ወንድ ነው» ሲባል፣ ተማም ቤት ተኝቶ እንዳለ እያወቀች፣ ሶላቱን ጨርሳ ስልክ ካልደወለችለት አይሆንላትም።

በአራተኛው ሳምንት ደሙ በጭንቅ ከፍ አለና ሦስተኛውን ዙር ሰጡት። በማግስቱ፣ ገና ቀትር ሳይሆን፣ ብርዱ ጀመረው። ብርድ ሲባል የሚታወቀው ብርድ አይደለም፤ ጥርሱ ተንቀጫቀጨ፣ አልጋው ራሱ ግድግዳውን ይመታ ጀመር። ሦስት ወፍራም ብርድ ልብስ ደረበችለት። ትኩሳቱ ሠላሳ ሰባት ከስምንት። ሠላሳ ስምንት ከሞላ ጊዜ ሳትሰጡ አምጡት ተብላለች። ብርሃን ዓይኑን ስለሚወጋው መጋረጃው ዝግ ነው። ላቡ አንሶላውን አበስብሶታል። በዳበሳ ወንበሩ ላይ የተሰቀለ ነጭ ጨርቅ አገኘች፤ እርጥቡን ገፍፋ በደረቁ ጠቀለለችው። ከእግሩ ሥር አጠፈች፣ ከራሱ በላይ አጠፈች፣ ግራውን በቀኝ ደረበች። እጇ የለመደው አጠቃለል ይኸው ነውና ልብ አላለችውም።

ተማም አንድ ጊዜ ረጅም ትንፋሽ አወጣና ጸጥ አለ።

የመኪና ቁልፏን ስትፈልግ፣ ጫማዋን ስታደርግ፣ ልብሱን በቦርሳ ስትከት ሩብ ሰዓት አለፈ። ስትመለስ እንቅልፍ ወስዶታል። ለካችው። ሠላሳ ስድስት ከስድስት። መለኪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብላ የራሷን ለካች፤ ደህና ነው። ከሰዓት፣ የአስር አዛን ሲል መጋረጃውን ትንሽ ገለጥ አደረገችና ባሏን አየችው። ነጭ፣ ድፍን፣ ከእግር እስከ ራሱ የተገነዘ። ፊቱ ብቻ ነው የወጣው። ወንበሩ ሥር የወደቀችውን ካርቶን አነሣች። «ሸህ ያሕያ፤ ወረባቦ» ትላለች፣ በራሷ ጽሕፈት። ትናንት እጥፋቱ እርጥበት የያዘ መስሏት ፈታ፣ ንፋስ ያግኘው ብላ ወንበሩ ላይ ጥላው ነበር።

ሸህ ያሕያ ወሎ፣ ወረባቦ ውስጥ ራቢዓን ቁርኣን ያስቀሯት፣ ማንበብ ያስተማሯት ሰው ናቸው። ልጅ ሳለች የሚጻፍበትን የእንጨት ሰሌዳ፣ ሉሑን፣ በየቀኑ ረስታ ትመጣ ነበር። እሳቸው አይማቱም። «ዝንጓ፣ ሉሕሽን የት ጣልሽው?» ይሏታል። «ረስቼ መጣሁ፣ አባ» ስትል፣ «እንግዲያ የኔን ያዢ» ብለው የራሳቸውን ያውሷት ነበር። ያንን ስም ከእሳቸው በቀር የጠራት ሰው የለም። ለባሏም ነግራው አታውቅም፤ ማን ዝንጉ ነኝ ብላ ለባሏ ታወራለች? ዘጠና ሊሞላቸው ነው አሁን። ጨርቁን በአማና፣ በአደራ ያዘዘችላቸው ልጃቸው ኸውላ ናት።

ተማም ዓይኑን ገለጠ። ፊቱ ላይ ለወራት ያላየችው ዕረፍት አለ።

«እንግዳሽ ሄደ?» አላት።

«የቱ እንግዳ?»

«እግሬ ሥር ተቀምጦ የነበረው ሽማግሌ። ምነው ሻይ እንኳ ሳትሰጪው? ጨዋ ሰው ነው። ምንም አላለኝ፤ ዝም ብሎ እንደሚጠብቅ ሰው ተቀምጦ ነበር።» እጁን ከጨርቁ ውስጥ አወጣና የቀኝ እጁን ቀለበት ጣት አጠፈ። «ይቺ ጣቱ ግማሿ የለችም።»

ራቢዓ ውሃ ላምጣልህ ብላ ወጣችና ኩሽናው ውስጥ ቆመች። የሸህ ያሕያን ጣት መጋዝ የበላት እሷ ሳትወለድ ነው።

ጨርቁን በድጋሚ አጠበችው። አደረቀችው፣ አጠፈችው፣ አሰረችው። ሊላክ ተዘጋጀ። በሳምንቱ ጂዳ ለደም ምርመራ ሲሄዱ ነርሷ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አየችው። ደሙ ወደ ላይ ወጥቷል፤ ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። «ማሻአላህ፣ ምን አበላሽው?» አለቻት። ራቢዓ ሾርባ አለች። አራተኛው ዙር በቀኑ ተሰጠ። በማግስቱ ብርዱ መጣ፤ ራቢዓም ቁም ሣጥኑን ከፍታ የታሰረውን ፈታች። አሁንስ መጋረጃው ክፍት ነበር። የመጀመሪያው ስህተት ነው እንበል፤ ሁለተኛውን ግን ምን እንበለው? አትፍረዱባት ብቻ። ባሏ አጠገቧ እየተንቀጠቀጠ የሚያሞቀውን ጨርቅ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋ የምትቀመጥ ሴት ካለች እኔ አላየሁም።

በዚያው ሳምንት ኸውላ በኢሞ ደወለች። ድምፅዋ የሰለቸ ሰው ድምፅ ነው።

«አባ ከተኙ አንድ ወር አለፋቸው፣ እህቴ። እህል አይቀምሱም። ያሲን ቀርተን ቀርተን ደከመን። በቀደም በቃ ብለን ሰው ጠራን፤ ትንፋሻቸው ቆመ። ዓይናቸውን ልንከድን ስንል ገለጡና ‹ተበተኑ፣ ጨርቄ ሰው ላይ ነው› አሉ።»

«ሰው ላይ?» አለች ራቢዓ።

«እኔንም ግራ ገባኝ። ‹ልጅ ነው፣ ይበርደዋል› ይላሉ። ሲቃዡ ይሆናል። ብቻ ጨርቁን ላኪልን፣ በአላህ። እሱን ነው የሚጠብቁት መሰለኝ። ሰው እንዲህ ተንጠልጥሎ ሲሰቃይ ማየት ምን እንደሆነ አታውቂውም።»

ራቢዓ ታውቀዋለች። ግን ዓይኗን በጨው አጥባ፣ ተጓዥ አጣሁ፣ ያገኘሁትም ሻንጣው ሞላ አለኝ ብላ ዋሸች። ሁለት ዙር ነው የቀረው። ሁለት ዙር ብቻ። አርባ ሁለት ቀን ቢታገሡኝ ምናለ ብላ ለራሷ አጉረመረመች፤ ወዲያው ደግሞ እየለመነች ያለችው አንድ የሚሞት ሰው ሞቱን እንዲያዘገይላት መሆኑ ገባትና አስታግፊሩላህ አለች።

ኅሊናዋ እንቅልፍ ሲነሣት መላ ያገኘች መሰላት። ሚስፈላ ወርዳ ከዚያው ሱቅ፣ ከዚያው ጣቃ፣ በዚያው ልክ አስቀደደች። በዚያው ዘምዘም አጠበች፤ በዚያው ጥላ አደረቀች። የመጀመሪያዋን ካርቶን፣ «ሸህ ያሕያ» የምትለዋን፣ አንጠለጠለችበት። ሩዋይስ ኮንትራቷን ጨርሳ ሀገር ቤት ለምትገባው ለሳሚያ ሰጠቻት። ጨርቅ ጨርቅ ነው፣ ዘምዘምም አንድ ነው አለች። እውነት ነው፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያስቀምጡላት እሷ ራሷ አትለያቸውም ነበር።

ከአሥር ቀን በኋላ ኸውላ ስትደውል ራቢዓ ሾርባ እያማሰለች ስለነበር ስልኩን ድምፁን ለቅቃ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። ተማም ኩሽናው በር ላይ ወንበር ስቦ ተቀምጧል።

«ጨርቁ ደርሷል፣ ጀዛኪላህ» አለች ኸውላ። «ግን አንድ የገረመኝ ነገር አለ። አባ በእጃቸው ዳሰሱትና ‹ይሄ የኔ አይደለም› አሉ። ስማቸው እኮ አለበት። ‹የኔ አይደለም፤ ይሄ የተማም ነው። ጥሩ ቦታ አስቀምጡለት› አሉኝ። ራቢዓ፣ ተማም ያንቺ ባለቤት አይደል? አባ ስሙን ማን ነገራቸው?»

ማንኪያው ድስቱ ውስጥ ቆመ። ራቢዓ እደውልልሻለሁ ብላ ዘጋችው። አራት ሜትር ከፈን በገዛ እጇ ለክታ፣ አጥባ፣ ለባሏ ማዘጋጀቷ አሁን ነው የገባት።

ተማም አልጮኸም። ቢጮህ ይሻላት ነበር። ሁሉንም አናዘዛት፤ ሽማግሌው ማን እንደሆኑ፣ የሚተኛበት ነጭ ጨርቅ የማን እንደሆነ፣ ስንት ቀን እንደዋሸች።

«የሰው አማና ላይ ነው ያስተኛሽኝ?» አላት።

«አሞቀህ እኮ።»

«ጨርቅ አያድንም፣ ራቢ። የሚያድነው አንድ ነው።»

«እሱማ ነው። ጨርቁንስ ያመጣው እሱ እንዳልሆነ በምን ታውቃለህ?»

«ሰውየው መሞት አቅቷቸዋል!» ድምፁ ያኔ ብቻ ነው ከፍ ያለው። «እኔ እንድሞቅ ብለው ደጅ ላይ ቆመዋል። እኔ በዚህ መዳን አልፈልግም። መልሺላቸው። እስክትመልሺ ደግሞ ዓይኔ እንዳያየው።»

የሚገባ ሰው ፈለገች፤ ለሁለት ሳምንት ጠፋ። ጨርቁ በላስቲክ ተጠቅልሎ ፒክአፑ ውስጥ፣ ከወንበሩ ጀርባ ተቀመጠ። አምስተኛው ዙር ተሰጠ። ብርዱ ሲመጣ ተማም በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ አላስነካም አለ። በስምንተኛው ቀን ከሰዓት ትኩሳቱ ሠላሳ ዘጠኝ ከሁለት ገባ። ራቢዓ የመካንና የጂዳን መንገድ እንዴት እንደነዳችው አታስታውሰውም። የምታስታውሰው፣ ተማም በባዶው ወለል ላይ ፍሬን መርገጡን ማቆሙን ብቻ ነው።

ለብቻው ክፍል አስገቡት። ነጭ የደም ሴሉ የለም ማለት ይቻላል። ደሙ በሽታ ገብቶበታል። በሦስተኛው ቀን ዶክተር ዳሊያ ኮሪደር ላይ ጠራቻት። ማስኩን አወረደችና፣ መድኃኒት ዛሬ ጠዋት እንደቀየረች፣ እሱ ካልያዘለት ግን ሌላ የምታደርገው እንደሌለ ነገረቻት። «ዱዓ አድርጊ» አለቻት። ሐኪም ዱዓ አድርጊ ሲል ምን ማለት እንደሆነ ራቢዓ አላጣችውም።

ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ፣ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ሥር ቁጭ አለችና ኸውላን ደወለች።

«ስልኩን አባ ጆሮ ላይ አድርጊልኝ።»

«አይሰሙም እኮ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ቃል አልወጣቸውም።»

«ግድ የለም፣ አድርጊልኝ።»

ትንፋሽ ተሰማት፤ የተቆራረጠ፣ ከሩቅ የሚመጣ። ራቢዓ ሁሉንም ተናገረች። ስህተቱን፣ ውሸቱን፣ በስማቸው የላከችውን ጨርቅ። «አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ፣ አባ» አለች። «ጨርቅዎ እኔ ዘንድ ነው። ነገ ጠዋት አውሮፕላን ጣቢያ ሄጄ ያገኘሁት ሰው እግር ላይ ወድቄም ቢሆን እልክልዎታለሁ። እሱ ቢሞትብኝም እልክልዎታለሁ። ብቻ አፉ በሉኝ።» ያኔ ነው የለቀሰችው። ይህን ሁሉ ወር ፊቱ አላለቅስም ብላ የያዘችው ሁሉ ወጣ።

ትንፋሹ ቀጥ አለ። ከዚያ፣ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው የሚያወራ እስኪመስላት ድረስ የቀረበ ድምፅ መጣ።

«ዝንጓ።»

«አቤት፣ አባ።»

«ሉሕሽን የት ጣልሽው?»

በጭንቅ፣ «ረስቼ መጣሁ፣ አባ» አለች።

«እንግዲያ የኔን ያዢ። የሱን እኔ እይዝለታለሁ።»

ስልኩ ውስጥ ኸውላ ስታለቅስና ሰው ስትጠራ ተሰማ። ራቢዓ አልጠበቀችም። ወደ መኪናው ወረደች። ነርሷ ላስቲኩን ከፍታ አየችው፤ ንጹሕ አንሶላ ነው፣ አሳለፈቻት። ተማም ዓይኑ ግማሽ ተከፍቶ ምንም አያይም። ጆሮው ላይ ጎንበስ ብላ፣ «ሸህየው አውሰውሃል» አለችው። «ሰርቄ አይደለም አሁን። በአፋቸው ነው የሰጡህ።» የሰማ አልመሰላትም። ጨርቁን ደረቱ ላይ ስትጥለው ግን ሁለት እጁ ወጣና ራሱ እስከ አገጩ ሳበው።

በማግስቱ ትኩሳቱ ወረደ። በአምስተኛው ቀን ደሙ ተነሣ። ዶክተር ዳሊያ የቀየርኩት መድኃኒት ያዘለት አለች። ይዞለት ይሆናል፤ ራቢዓ አልተከራከረችም። ተማምም ስለ ጨርቁ ምንም አላነሣም። ስድስተኛውን ዙር ወሰደ። ከዚያ ወር ተጠብቆ የመጨረሻው ምርመራ ተደረገ፤ ፊልም ተነሣ። ወረባቦ ውስጥ ግን ሽማግሌው እንዳሉ ናቸው፤ ኸውላ መደወል ትታለች፣ ራቢዓም ለመጠየቅ ድፍረቱን አጣች።

ውጤቱ የተነገራቸው ሰኞ፣ ረፋድ ላይ ነው። ዶክተር ዳሊያ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅላ በጣቷ አሳየቻቸው፤ እዚህ ነበረ፣ የለም። እዚህ ነበረ፣ የለም። ተማም ግንባሩን መሬት አስነክቶ ሱጁድ ወረደ። ራቢዓ የሐኪሟን እጅ ልትስም ስትል ተያይዘው ሊወድቁ ደረሱ።

መኪና ማቆሚያው ላይ ስልኳ ጮኸ። ኸውላ ናት።

«አባ አረፉ» አለች፣ በተረጋጋ ድምፅ። «ንጋት፣ ሱብሂ ላይ። አልሀምዱሊላህ፣ በሰላም ነው። ዓይናቸውን ገለጡና ‹ልጁ ሞቆታል፤ የሱን አምጡልኝ› አሉ። ያንቺን ጨርቅ ማለታቸው ነው፣ ሳሚያ ያመጣችውን። አመጣንላቸው። ደረታቸው ላይ አድርገው ሄዱ። በእሱ ነው የከፈንናቸው።»

«የሳቸውንስ ልላክ?»

«ለማን?» አለች ኸውላ።

ራቢዓ መኪናው ውስጥ ገብታ ለተማም ነገረችው። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን አለና እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። «ያንን ጨርቅ ደህና ቦታ አስቀምጪው» አላት። «ካርቶን አታንጠልጥዪበት። ባለቤቱ ይታወቃል።» ከጂዳ ወጡ። ከወገቧ ቀና ብላ ነዳች። በሁለቱም በኩል ባዶው ምድር፣ ወደ ፊት የመካ ጥቋቁር ኮረብቶች። በሩቁ የተቀደሰው የሐረሙ ምድር ወሰን መግቢያ በር መንገዱን ተሻግሮ ታየ። ደስታው ገና አሁን ገባት። ባሏን ይዛ እየተመለሰች ነው። ይኸው ነው የፈለገችው፤ ሌላ ምንም አልፈለገችም።

ተማም ኮረብታውን እያየ፣ ዐረብኛ ያልነካው ጥርት ባለ የወሎ አማርኛ፣ ዝግ ብሎ ተናገረ።

«ዝንጓ። ሉሕሽን የት ጣልሽው?»

ኮሪደሩ ላይ ያወራችውን ለማንም አልነገረችም። ስሙንም ነግራው አታውቅም። ሳታስበው፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሆና፣ «ረስቼ መጣሁ፣ አባ» አለች።

ዞር ብሎ አያት። አንድ ነገር እንደጠፋበት ሰው ዓይኑን አርገበገበ። ከዚያ ሳቀ፤ ያቺን ብሎን እያላላ የሚሄደውን ሰውዬ ሳቅ። «አባ ማነው? ያላ፣ መንገዱን እዪ፣ ከካንሰር አውጥተሽኝ ግንድ ጋር ልታጋጪኝ ነው?» አለና እግሩን ባዶው ወለል ላይ ረገጠ።

ራቢዓ ልትስቅ ሞከረች። ቀኝ እጁ ጉልበቱ ላይ አርፏል። ቀለበት ጣቱ ወደ ውስጥ ታጥፋ፣ ግማሿ የሌለች ትመስላለች። መሪውን በግራ እጇ ይዛ፣ በቀኟ እጁን ያዘችውና ያቺን ጣት ቀስ አድርጋ ዘረጋቻት። ሙሉ ናት። ሙቅ ናት። መካ እስኪገቡ ድረስ አልለቀቀቻትም።